በአዲስ አበባ ለመሸበት መንገደኛ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



ለዚህ በዓል ከየክፍሉ አንድ አንድ ንግግር እንዲቀርብ በታዘዘ ጊዜ፥ እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ምን ብንናገር ይሻላል ብለን ተማከርን። አንዳንዶቻችን ስለ ሳይንስ ጥቅም፥ አንዳንዶቻችንም ስለ ደን ጥበቃ ይሁን አልን። በመጨረሻ ግን ዝቅ ያለ የሚመስል፥ ነገር ግን በያንዳንዳችን ደጅ የቆመ አንድ ጉዳይ መረጥን። ይኸውም ከመካነ ሰላም፥ ከሳይንትና ከለጋምቦ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው፥ ኪሱ ሳይራቆት የት ያድራል፥ ምንስ ይበላል የሚለው ነው።

«ይህ ደግሞ ለበዓል የሚሆን ነገር ነውን?» የሚል ሰው ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን ከአገራችን ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ሰው ብዙውን ጊዜ ለሽርሽር እንዳይደለ ሁላችንም እናውቃለን። አንዱ ለሕክምና ይሄዳል፤ አንዱ የትምህርት ማስረጃ ለማስተካከል፤ ሌላው ሥራ ለመፈለግ። አንድ አባት በሬውን ሽጦ የታመመች ሚስቱን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሲወስድ፥ የበሬው ዋጋ እኩሌታ በአልጋና በምግብ ቢያልቅ መድኃኒቱ በምን ይገዛል? እኛም በዚህ ዓመት ትምህርታችንን ስንጨርስ፥ ከእኛ ብዙዎቹ ፊታቸውን ወደዚያችው ከተማ ያዞራሉ። ስለዚህ ነገሩ የሆድና የእንቅልፍ ብቻ ሳይሆን፥ የሄዱበትን ጉዳይ ፈጽሞ የመመለስና ያለመመለስ ጉዳይ ነው።

በደጋው አገራችን መንገደኛ ሲመሽበት ከአንድ ደጅ ይቆምና «የመሸብን የእግዚአብሔር እንግዶች ነን፤ አሳድሩን» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» ብሎ ይመልሳል። እግር ይታጠባል፤ ካለው ነገር ይቀርባል፤ በመደቡ ላይ አጎዛ ይነጠፋል። በማግሥቱ «ሒሳቡ ስንት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ቢገኝ ባለቤቱን እንደ ሰደበ ይቆጠራል። እንግዳ ደራሽ፥ ውሃ ፈሳሽ ተብሎ የተተረተው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ እንግዳ የተቀበለ ነገ እንግዳ ሆኖ ይሄዳልና፥ ብድሩ በአገር ምድሩ ይዞራል።

አዲስ አበባ ግን ከ3 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። እዚያ ቤት የሚከራይ፥ ውሃ የሚገዛ፥ ከሰል የሚገዛ ሰው ነው ያለው። እንግዳ በነጻ አላሳድርም ቢል ጭካኔ አይደለም፤ ኑሮው ነው። ችግሩ ከእኛ ወገን ነው፤ ዋጋ መጠየቅን እንደ ነውር እየቆጠርን ስላደግን፥ በከተማ ደግሞ ሳይጠይቁ መቀመጥ ብዙ ያስከፍላልና። ከነጋዴዎች፥ ከሹፌሮችና ከኛ በፊት ከተመረቁ ተማሪዎች ጠይቀን እንደ ተረዳነው፥ የመንገደኛውን ገንዘብ ከሌባ ይልቅ የሚጨርሰው ይሉኝታ ነው። ዛሬ ልንናገረው የፈለግነው አንዱ ቁም ነገር ይህ ነው።

ዋጋ ጠይቆ ከፍሎ መብላት ለአዲስ አበባ ራሷ አንድ ጊዜ አዲስ ነገር ነበረ። ከተማይቱ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ፥ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ፥ እቴጌ ጣይቱ ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል በፒያሳ አቆሙ። በዚያን ዘመን ምግብ በገንዘብ መግዛት እንደ ነውር ይታይ ስለ ነበረ፥ ሰው ወደ ሆቴሉ ለመግባት አፈረ ይባላል። ስለዚህ አጼ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን ይዘው ገብተው፥ በልተው፥ ሒሳባቸውን ከፍለው ወጡ ተብሎ ይነገራል። ንጉሠ ነገሥት ሒሳብ ጠይቀው ከከፈሉ፥ የቦረና ተማሪ «ስንት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ያሳፍረዋል?

እንግዲህ ከጉዞው መነሻ እንጀምር። ከመካነ ሰላም በአቀስታ በኩል ደሴ ይገባል፤ ከደሴ እስከ አዲስ አበባ በኮምቦልቻ፥ በከሚሴ፥ በሸዋ ሮቢትና በደብረ ብርሃን አድርጎ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁሉን በአንድ ቀን እጨርሳለሁ ብሎ የሚጣደፍ ሰው አዲስ አበባ ሲደርስ ይጨልምበታል። የጨለመበት እንግዳ ደግሞ ያገኘውን አልጋ በተጠራበት ዋጋ ይይዛል። ደሴ አድሮ ገና ሳይነጋ የሚነሣ ግን በብርሃን ይገባል፤ ሁለት ሦስት ቤት አይቶ ለመምረጥም ጊዜ አለው። የደሴ አንድ ሌሊት ወጪ መስሎ ይታያል እንጂ ብዙውን ጊዜ ያተርፋል።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀበት ጊዜ ወዲህ፥ መንገድ በድንገት ሊዘጋ እንደሚችል አይተናል። ስለዚህ ከመነሣት በፊት በመናኸሪያው ስለ መንገዱ መጠየቅ፥ የሁለት ሌሊት ትርፍ ገንዘብም ለይቶ መያዝ ይገባል። ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ኪስ መያዝ አይበጅም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ ብዙውን በስልክ አስቀምጦ ለዕለት የሚሆነውን ብቻ በእጅ መያዝ ይቻላል። መታወቂያም አይረሳ፤ አልጋ ቤቶች ሳያዩ አያሳድሩም።

አባቶቻችን ወደ ሩቅ አገር ሲሄዱ ስንቃቸው በሶ፥ ቆሎ፥ ድርቆሽና ዳቦ ቆሎ ነበረ። እኛ ይህን ጥበብ እንደ ኋላ ቀርነት አንየው። የለጋምቦ ገብስ በሶ በአንድ ኮዳ ውሃ ቢበጠበጥ የአንድ ጠዋት ቁርስ ነው። በመንገድ ላይ አውቶቡስ የሚቆምባቸው ምግብ ቤቶች ተሳፋሪው ሌላ ምርጫ እንደሌለው ስለሚያውቁ፥ ከከተማው ዋጋ አስበልጠው የሚሸጡ አሉ። ስንቅ ያለው ሰው ግን እዚያ ሻይ ጠጥቶ ይነሣል።

ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጡት አውቶቡሶች አብዛኛውን ጊዜ የሚያራግፉት በላምበረት መናኸሪያ ነው። ገና ከአውቶቡሱ ስንወርድ ሻንጣችንን የሚቀበል፥ «አልጋ ፈለጋችሁ?» የሚል ደላላ ይመጣል። ሰውየው ክፉ ላይሆን ይችላል፤ እንጀራውን ፍለጋ ነው። ነገር ግን የእርሱ ድርሻ ከአልጋው ዋጋ ላይ እንደሚጨመር ማወቅ አለብን። ስለዚህ «እናመሰግናለን፤ የምናርፍበት ቤት አለ» ብሎ ሻንጣን በእጅ ይዞ መሄድ ነው።

ከታላላቆቻችን «ፒያሳ ሂዱ፤ ርካሽ አልጋ አለ» የሚል ምክር የሰማን ብዙ ነን። ምክሩ በዘመኑ እውነት ነበረ። ነገር ግን በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከካዛንቺስ ብዙው ስለ ፈረሰ፥ የትናንቱ አድራሻ ዛሬ ባዶ መሬት ወይም አዲስ መንገድ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ በቅርብ ሄዶ የተመለሰ ሰው መጠየቅ ይሻላል። በላምበረትና በመገናኛ ዙሪያ፥ በመርካቶም በአውቶቡስ ተራ አካባቢ ለመንገደኛ የሚሆኑ አልጋ ቤቶች ይገኛሉ። መርካቶ ግን ጫጫታ አለበት፤ ኪስም መጠበቅ ያስፈልጋል።

አልጋ ቤት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አልቤርጎ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከመጠጥ ቤት በስተ ጀርባ የሚገኝ ክፍል ነው፤ ዋጋው ይቀንሳል፥ ሙዚቃው ግን እስከ እኩለ ሌሊት አያስተኛም። ፔንሲዮን የሚባለው መኝታ ብቻ የሚያከራይ ስለ ሆነ ጸጥታ አለው። ከፔንሲዮኖቹም መታጠቢያው የጋራ የሆነው በክፍሉ ውስጥ መታጠቢያ ካለው ይረክሳል። ለተማሪ የጋራው ይበቃዋል።

ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት አምስት ነገር እንጠይቅ። አንደኛ፥ «ክፍሉን አሳዩን»፤ አንሶላውን ገልጦ ማየት፥ ፍራሹንም ትኋን እንዳይኖረው መመልከት ነውር አይደለም። ሁለተኛ፥ «ዋጋው ለአንድ ሌሊት ነው? ለስንት ሰው?»፤ ለሁለት ወንዶች አንድ ክፍል የማያከራዩ ቤቶች ስላሉ ይህ አስቀድሞ ይጠየቅ። ሦስተኛ፥ «ውሃ ዛሬ አለ?»፤ በአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ሰፈሮች ብዙ ናቸው። አራተኛ፥ «በሩ ከውስጥ ይቆለፋል?»፤ አምስተኛ፥ «ስንት ሰዓት እንለቃለን?»፤ ሰዓት አሳልፎ የተነሣ የሌላ ቀን ሒሳብ ሊጠየቅ ይችላልና። ሦስት ሌሊት የምናድር ከሆነም ያን ተናግሮ ቅናሽ መጠየቅ ይቻላል፤ ባለቤቱ ባይቀንስ የምናጣው ነገር የለም።

ለእኅቶቻችን አንድ ቃል እንጨምራለን። ሴት ተማሪ ብቻዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ከተማይቱን ስታይ፥ የአልጋው ርካሽነት ሳይሆን የበሩ ቁልፍና የሰፈሩ ጸጥታ ይቅደም። ከተቻለ ሁለት ሆነው ይሂዱ፤ የሚያርፉበትን ቤት ስምና ሰፈር ለወላጅ በስልክ ይንገሩ፤ «ሥራ አስገባሻለሁ፥ ማደሪያም አለ» የሚል የመንገድ ላይ ሰው አይከተሉ። በዚህ ላይ የሚቆጠብ ሳንቲም የለም።

ብዙ ሰው አልጋን ብቻውን ይመዝናል፤ ከታክሲው ጋር መደመሩን ይረሳል። ለምሳሌ ያህል እንቁጠር። ሩቅ ያለው አልጋ ከቅርቡ በ100 ብር ቢቀንስ፥ ነገር ግን ሁለት ሰዎች ጠዋትና ማታ ለያንዳንዱ ጉዞ 30 ብር ቢከፍሉ፥ በቀን 120 ብር ይወጣል። ርካሹ በ20 ብር ተወደደ ማለት ነው። በተለይ ሕመምተኛ ይዞ ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው፥ ተራ ለመያዝ በማለዳ መነሣቱ ስለማይቀር፥ ቅርብ ቢያድር ለጉልበቱም ለኪሱም ይሻላል።

ስለ ሕመምተኛ ከተናገርን አንድ ነገር እንጨምር። የሪፈር ወረቀት ይዞ ከመነሣት በፊት ቀጠሮው መቼ እንደሚሆን በስልክ ወይም በሰው ማስጠየቅ ብዙ ሌሊት ያድናል። ሐኪም «ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» ቢል፥ ሦስቱን ሳምንት በአልጋ ቤት ማሳለፍ መድኃኒቱን መብላት ነው። የመጓጓዣውን ዋጋና የአልጋውን ዋጋ አስተያይቶ፥ ሕመምተኛውም መንገዱን ይችል እንደ ሆነ ሐኪሙን ጠይቆ መወሰን ይገባል። ይህን ስሌት ለአባቶቻችንና ለእናቶቻችን መሥራት የእኛ የተማሪዎቹ ድርሻ ነው። ፊደል የቆጠርነው ለፈተና ብቻ አይደለምና።

አሁን ወደ ማዕዱ እንምጣ። በዚህ ንግግር የምግብ ዋጋ በቁጥር ለመናገር አልደፈርንም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፥ ይህ መጽሔት ታትሞ እስኪወጣ ድረስ ቁጥሩ ያረጃልና። ደንቡ ግን አያረጅም። ሽሮ ከጥብስ ይረክሳል፤ የጾም በያይነቱ ብዙ ዓይነት ወጥ በአንድ ትሪ ስለሚያቀርብ ለዋጋው ያጠግባል፤ ፓስታ በእንጀራ ጉልበት ለሚፈልግ ይሆናል። ለቁርስ ሻይ በዳቦ፥ ፉል፥ ወይም እርጥብ የሚባለው ድንችና ድልህ ያለበት ዳቦ ይበቃል። ከትልቁ መንገድ ዳር ይልቅ ወደ ውስጥ ገባ ያሉትን፥ የቀን ሠራተኞችና ተማሪዎች ተሰልፈው የሚበሉባቸውን ቤቶች እንምረጥ። ብዙ ሰው የሚበላበት ቤት ወጡ አያድርም፤ ትኩስ ነው።

እዚህም መጠየቅ አለ። «ጭማሪ እንጀራ ይከፈልበታል?» «ውሃው ለብቻው ነው?» በትላልቆቹ ሆቴሎች ደግሞ በዝርዝሩ የተጻፈው ዋጋ የመጨረሻው ላይሆን ይችላል። በምግብ ዝርዝሩ 200 ብር የተባለው ምግብ 10 በመቶ የአገልግሎት ሲጨመርበት 220፥ በዚያ ላይ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከልበት 253 ብር ይሆናል። ስለዚህ «ታክሱ ገብቶበታል?» ብሎ መጠየቅ የአዋቂ ሰው ጠባይ ነው።

እኛ ወሎዬዎች ስንጓዝ ደግሞ አንድ ልዩ በረከት አለን። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ጎጆ፥ በአንድ ክፍል፥ በአንድ አውቶቡስ ነን። ሥጋ ሲሆን ማዕዳችን ይለያያል፤ ሽሮውና በያይነቱው ግን ሁላችንንም በአንድ ትሪ ዙሪያ ያስቀምጠናል። አራት ሆነን ሦስት ምግብ ብናዝ፥ እንጀራ ብናስጨምር፥ ሁላችንም እንጠግባለን፤ ከአራተኛው ምግብ ዋጋም ይተርፈናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት አበው ይህን የመሰለውን አይተው ነው።

በልጅነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ጥቂቶች አለን። በዚያ ማታ ማታ የቀኑን ወጪ በደብተር መጻፍ ልማድ ነበረ። ይህ ልማድ ለከተማ መንገደኛ እጅግ ይጠቅማል። አልጋ፥ ምግብ፥ ታክሲ፥ ሌላ ብሎ በአራት መስመር የጻፈ ሰው፥ ገንዘቡ ወዴት እንደሄደ ሳያውቅ «ከተማ በላኝ» አይልም።

ስለ ዘመድ ቤት ሳንናገር ማለፍ አይገባም። ከአገር የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ዘመዱን ነው፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን የአዲስ አበባው ዘመዳችን በአንድ ጠባብ ክፍል ከነልጆቹ የሚኖር፥ በወር መጨረሻ ኪራይ የሚያስጨንቀው ሰው ሊሆን ይችላል። እርሱም ይሉኝታ ይይዘዋል፤ «አልችልም» ማለት ያፍራል። ስለዚህ ሳንነሣ ደውለን፥ የምንቆይበትን ቀን ቆርጠን እንንገረው፤ ከአገር ቅቤ፥ ማር ወይም ምስር ይዘን እንሂድ፤ እቃ እናጥብ፥ ውሃ እንቅዳ፤ በተናገርነው ቀንም እንነሣ። በነጻ የተገኘ አልጋ ከሁሉ የሚወደደው ዘመድን ያሳጣ እንደ ሆነ ነው።

ውድ አድማጮቻችን፤ እስካሁን የተናገርነው አንድ ሰው ለብቻው ስለሚያደርገው ጥንቃቄ ነው። ይሁን እንጂ የአባቶቻችን እንግዳ ተቀባይነት በከተማ ስለማይሠራ ይቅር ማለታችን አይደለም፤ መልኩን ለውጦ ይሥራ ማለታችን ነው እንጂ። በነሐሴ 1901 ዓ.ም.፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1909፥ ሪቻርድ ሺርማን የተባለ ጀርመናዊ መምህር ተማሪዎቹን በእግር ሲያስጎበኝ ከባድ ዝናብ ያዛቸውና በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለው አደሩ። እርሱም «በዕረፍት ጊዜ ባዶ የሚቀመጡት ክፍሎች ለምን ለተጓዥ ወጣቶች ማደሪያ አይሆኑም?» ብሎ አሰበ። ከዚህ አሳብ የወጣቶች ማረፊያ ቤት የሚባለው ሥራ ተወለደ፤ ዛሬ በብዙ የዓለም አገሮች ይገኛል።

በኛም አገር የማይቻል አይደለም። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ በተሰጠ ጊዜ፥ ከየወረዳው የሄዱ ተማሪዎች በዚያው አድረው፥ በዚያው በልተው ተፈትነዋል። ለፈተና ከተቻለ ለትምህርታዊ ጉዞም ሊቻል ይችላል።

ስለዚህ ለትምህርት ቤታችን ሁለት ነገር እንለምናለን። የመጀመሪያው፥ በቤተ መጻሕፍታችን አንድ የመንገደኛ መዝገብ ይቀመጥ፤ ከአዲስ አበባም ሆነ ከደሴ የተመለሰ ሁሉ ያደረበትን ቤት፥ የከፈለውን ዋጋና ቀኑን ይጻፍበት። ከትምህርት ቤታችን ወጥተው በአዲስ አበባ የሚኖሩ ታላላቆቻችንም ፈቃዳቸው ከሆነ ስልካቸውን በዚሁ ያስመዝግቡ፤ አልጋ እንዲሰጡ ሳይሆን፥ ቀን በቀን የሚለዋወጠውን የከተማ ወሬ እንዲነግሩን። ሁለተኛው፥ በክረምት የተማሪዎች ክፍሎቻችን ባዶ ሲሆኑ፥ የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክን፥ ጭላዳውንና ቀይ ቀበሮውን ለማየት ከሌላ አገር ለሚመጡ ተማሪዎች በጥቂት ክፍያ ማደሪያ ይሁኑ። እኛ ከተቀበልን እነርሱም ይቀበሉናል፤ ብድሩ እንደ ጥንቱ ይዞራል።

ከኛ በኋላ በእነዚህ ወንበሮች ለምትቀመጡ ታናናሾቻችን የምንተውላችሁ ቃል አጭር ነው። በከተማ ዋጋ ለመጠየቅ አትፈሩ፤ ባገራችሁ ደግሞ የመሸበትን «ግባ» ለማለት አትሰልቹ። ሁለቱም ክብር ናቸው።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር!